ቪዛው ቢከለከል ሥራው ይቀራል?

በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ሥራ ክርክር ውስጥ ሁለት ዓይነት የውጭ ባለሙያዎች ሁልጊዜ በአንድ ይጨፈለቃሉ። አንደኛው ኤች ዋን ቢ በተባለው የሥራ ቪዛ አገር ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ነው። ሌላው ቤንጋሉሩ ወይም ማኒላ ተቀምጦ ለዚያው ኩባንያ በኮንትራት ኮድ የሚጽፈው ነው። ሥራውን የተነጠቀ አሜሪካዊ ሁለቱን ለይቶ ባያይ አይፈረድበትም፤ ለእሱ ውጤቱ አንድ ነው። ሕግ አውጪው ግን ሁለቱን ካላስተዋለ የአንዱን በር ባጠበበ ቁጥር ሌላውን ያሰፋል። መፍትሔው ባለቪዛውን ማባረር ሳይሆን ዋጋውን ከፍ፣ እጁን ነፃ ማድረግ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ኤች ዋን ቢ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። አንባቢዎቻችን በሚገባ የሚያውቁት ዲቪም የተወለደው ከዚሁ ሕግ ነው። ለኤች ዋን ቢ በዓመት የተመደበው ኮታ 65,000 ሲሆን፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ደግሞ 20,000 ይጨመርበታል። አመልካቹ ከኮታው ስለሚበልጥ ዕጣ ይወጣል። ቀጣሪው በአካባቢው ለዚያ ሥራ ከሚከፈለው ደመወዝ እንደማያሳንስ ለሠራተኛ ሚኒስቴር ያረጋግጣል፤ ደመወዙን የሚገልጸውን ማስታወቂያም ሌሎች ሠራተኞች እንዲያዩት በሥራ ቦታው ይለጥፋል። ባለቪዛው ግብር የሚከፍለውም፣ ቤት የሚከራየውም፣ አስቤዛ የሚገዛውም እዚያው ነው። ዲቪ የደረሰው ሰው ግን ግሪን ካርዱን ይዞ ስለሚገባ አለቃው ካስመረረው በነጋታው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የኤች ዋን ቢው ሰው ከሥራ ከተሰናበተ አዲስ ቀጣሪ ለማግኘት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። ሕንዳዊ ከሆነ ደግሞ፣ በዓመት ከሚሰጠው የሥራ ግሪን ካርድ ለአንድ አገር ተወላጆች 7 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሚደርስ፣ ወረፋው ዓመታትን አልፎ አሥርት ዓመታትን ይፈጃል። እንዲህ የታሰረ ሰው የደመወዝ ጭማሪ ለመጠየቅ አፉን አይከፍትም።

ባሕር ማዶ ላለው ኮንትራክተር ግን ኮታ የለም፣ ዕጣ የለም፣ የአሜሪካ የደመወዝ ወለልም አይመለከተውም። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባንጋሎር (የዛሬዋ ቤንጋሉሩ) ቢሮ ሲከፍት ነገሩ ብርቅ ነበር፤ የ2000ው የኮምፒውተር ቀን ችግር ካመጣው የሥራ ጎርፍና ከኢንተርኔት መስፋፋት በኋላ ግን የተለመደ ሆነ። ለኩባንያው ያለው ችግር የሰዓት ልዩነቱ ነው። በአሜሪካ የቅዝቃዜ ወራት ኒውዮርክ ላይ ከጧቱ 3 ሰዓት ስብሰባ ሲጀመር ቤንጋሉሩ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አንዱ ወገን ቡናውን ሲጠጣ ሌላው እራቱን አቆይቶ ይጠብቃል። ይህ ግን ከወጪው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ኩባንያው የሚችለው መጉላላት ነው።

ታዲያ የቪዛው በር ሲጠብ ምን ይሆናል? ታሪኩ ራሱ ፈትኖታል። ኮታው እስከ 195,000 ከፍ ብሎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 65,000 ሲመለስ፣ በባለቪዛ ሠራተኞች ላይ ይበልጥ የተመኩት ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች በውጭ አገር ቅርንጫፎቻቸው ቅጥር ጨመሩ። የዋርተን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪ ብሪታ ግለነን ባደረገችው ጥናት ቅጥሩ በተለይ ያደገው በካናዳ፣ በሕንድና በቻይና ነው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2007 ቫንኩቨር ላይ የሶፍትዌር ማዕከል እንደሚከፍት ሲያስታውቅ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ችግር የገጠማቸውን ባለሙያዎች ለመያዝ እንደሚረዳው አልደበቀም። የተከለከለ ቪዛ ሁሉ የተሰደደ ሥራ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም ሥራው ለአሜሪካዊው ይቀራል የሚለው ስሌት እንደማይሠራ ያሳያል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ ቪዛው ራሱ ሥራን ወደ ውጭ ማሻገሪያ ድልድይ አልሆነም ወይ? ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ኦርላንዶ ውስጥ ወደ 250 የሚጠጉ የዲዝኒ የቴክኖሎጂ ሠራተኞች ከሥራ እንደሚሰናበቱ ተነግሯቸው፣ ብዙዎቹ በቪዛ ገብተው ከኮንትራክተር ኩባንያዎች የመጡ ተተኪዎቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው አሠለጠኑ። ይህን የፈቀደው ግን የቪዛው መኖር ሳይሆን የሕጉ ቀዳዳ ነው። በባለቪዛ ላይ የተመሠረቱ ኩባንያዎች አሜሪካዊ ሠራተኛ እንደማያፈናቅሉ ማረጋገጥ ቢገባቸውም፣ ለባለቪዛው በዓመት 60,000 ዶላር ከከፈሉ ከግዴታው ነፃ ይሆናሉ። ይህ መጠን የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ከዚያ ወዲህ አልተነካም። የዋጋ ግሽበት ባለበት አገር እንዲህ ያለ ወለል በየዓመቱ ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በአዲስ ማመልከቻ ላይ የጣሉት 100,000 ዶላር ክፍያም ይህን አይደፍንም። ገንዘቡ የሚገባው ለመንግሥት እንጂ ለሠራተኛው ደመወዝ አይደለም፤ ኩባንያውንም ወደ ባሕር ማዶው ኮንትራት ይገፋዋል።

ሌላው ወገን ደግሞ «የባሕር ማዶው ሥራ ለድሃ አገሮች እንጀራ አይደለም ወይ?» ይላል። እውነት ነው፤ ሕንድን የሶፍትዌር አገር ያደረጋት ይኸው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ኮድ የሚማሩ ወጣቶችም ተስፋ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሥራ ድንበር መሻገሩ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን አንድ አገር «ለዜጎቼ ሥራ ላድን» ብሎ ሲነሳ ሕጉ የሚደርስበትን ማስተዋል አለበት። የአሜሪካ የደመወዝ ሕግ ቴክሳስ ላለው ባለቪዛ ይደርሳል፣ ሃይደራባድ ላለው ኮንትራክተር አይደርስም። የ60,000ው ወለል ከዘመኑ ጋር ቢስተካከል፣ ባለቪዛውም ያለ ሥጋት ቀጣሪ መቀየር ቢችል፣ ርካሽና የታሰረ ጉልበት ፍለጋ ቪዛ የሚያስወጣ ኩባንያ ምክንያቱን ያጣል። በእውነት ሙያው ያስፈለገው ግን ተገቢውን ከፍሎ ይቀጥራል፤ አጠገቡ ያለው አሜሪካዊም በርካሽ ተፎካካሪ ከመገፋት ይድናል።