ስለ ፓምፕ ጠመንጃ፦ ተረትና እውነታ

ፊልም ውስጥ ያ «ቻክ-ቻክ» የሚለው ድምፅ ሲሰማ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሰውየው ከበርሜሉ ሥር ያለውን የእንጨት መያዣ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት መለሰው፤ ጠመንጃው ተቀባበለ ማለት ነው። እኛ አገር ምንሽርም ክላሽም ሲቀባበል ያየ ብዙ ነው፤ ይህን የብስክሌት ጎማ መንፊያ የመሰለ አቀባበል ግን አብዛኞቻችን የተማርነው ከስክሪን ነው። ስህተቶቹም አብረው መጡ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት 1፦ «ፓምፕ ከሆነ ሾትጋን ነው»

እውነታው፦ ፓምፕ የማቀባበያ ዘዴ ስም እንጂ የመሣሪያ ዓይነት አይደለም። ሾትጋን በልሙጥ በርሜል ብዙ ጥቃቅን እርሳስ ይበትናል፤ የፓምፕ ጠመንጃ ግን በርሜሉ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው፣ አንዲት አረር እያሽከረከረ የሚልክ እውነተኛ ጠመንጃ ነው። የአሜሪካው ኮልት ኩባንያ «ላይትኒንግ» ወይም «መብረቅ» ያለውን የፓምፕ ጠመንጃ ገበያ ላይ ያዋለው በ1884 ነበር። በሦስት መጠን ተሠርቷል። ትንሹ የሚጎርሰው ቀለሁ ጠርዙ ላይ ሲመታ የሚተኩሰውን .22 ጥይት ሲሆን፣ መካከለኛውና ትልቁ ግን መርፌው የቀለሁን መቀመጫ መሀሉን ሲመታው የሚተኩሱ ጠንካራ ጥይቶችን ይጎርሳሉ። የሳን ፍራንሲስኮ ፖሊስ በ1898 401 መካከለኛ «መብረቆችን» ገዝቷል። የካውቦይ ዘመን ጠመንጃ ሁሉ ከቃታው ሥር ባለ ማንሻ ይቀባበል የነበረ የሚመስለው ሰው ይህን ቁጥር ልብ ይበል።

ተረት 2፦ «ጥይት በቱቦ የሚይዝ ጠመንጃ ሹል ጥይት መጉረስ አይችልም»

እውነታው፦ ስጋቱ መሠረት አለው። በቱቦ ውስጥ ጥይቶች ተከታትለው ነው የሚተኙት፤ የኋለኛው ጫፍ ከፊቱ ያለውን ጥይት መለኮሻ፣ ማለትም በቀለሁ መቀመጫ መሀል ያለችውን ክብ ፈንጂ ይነካል። ጫፉ ሹል ከሆነ ጠመንጃው ሲራገጥ እንደ መርፌ ወግቶ እዚያው ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። ለዚህ ነው የድሮዎቹ ጥይቶች ጫፋቸው ደፍጣጣ የሆነው።

መላውን ያመጣው በጠመንጃ ሠሪው ሬሚንግተን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጆን ፔደርሰን ነው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ በወጣው «ሞዴል 14» የቱቦውን ግድግዳ እንደ ብሎን ጥርስ እየተጠማዘዘ ወደ ውስጥ እንዲጎብጥ አደረገው። ጥይቶቹ ቀጥ ብለው መተኛት አልቻሉም፤ እያንዳንዱ ትንሽ ወደ ጎን ስላዘነበለ ጫፉ መለኮሻዋን ስቶ ጠርዙ ላይ ያርፋል። ጠመንጃውን ጎኑን ቀርቦ ላየው ደግሞ ብረቱ ላይ የተተከለች የቀለህ መቀመጫ አለች፤ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን የትኛውን ጥይት እንደሚጎርስ የምትናገር ምልክት ናት።

ተረት 3፦ «የፊት መያዣው ይንቀጫቀጣል፤ ትልቅ ጥይት አይችልም»

እውነታው፦ መያዣው የሚንቀጫቀጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት ስላለበት ነው። የፍንዳታውን ኃይል የሚሸከመው መዝጊያው እንጂ እሱ አይደለም። ከ1952 እስከ 1981 የተሠራውን የሬሚንግተን «ሞዴል 760»ን እንይ። መያዣው ወደ ኋላ ሲሳብ ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል። ወደ ፊት ሲመለስ መዝጊያው ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያስገባና መጨረሻ ላይ ይሽከረከራል፤ ጥርሶቹም የበርሜሉ የኋላ ጫፍ ውስጥ ገብተው ይቆለፋሉ። በምንሽር እጅ የሚያዞረውን እዚህ የመያዣው ጉዞ አዞረው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት 760 ታዋቂውን .30-06 ጥይት ያለ ችግር ተኩሷል። ካዝናውም እየተነቀለ የሚገባ ሣጥን ስለሆነ የሹል ጥይት ጣጣ አብሮ ቀርቷል። ገበያውም አላሳፈረውም፤ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል።

ተረት 4፦ «ቃታውን ሳትለቅ ካቀባበልከው በራሱ ይተኩሳል»

እውነታው፦ እንደ ጠመንጃው ነው። የድሮው «መብረቅ» ቃታው ተስቦ ከተያዘ መያዣው ወደ ፊት በተመለሰ ቁጥር ይተኩስ ነበር። በ760 ግን ይህን የሚከለክል ክፍል ስላለ ለእያንዳንዱ ተኩስ ቃታውን ለቆ እንደገና መሳብ ግድ ነው።

ተረት 5፦ «ከግማሽ አውቶማቲክ አይለይም»

እውነታው፦ ግማሽ አውቶማቲክ በራሱ ተኩስ ኃይል ይቀባበላል፤ ፓምፕ የሰው ክንድ ይጠብቃል። ይህን ልዩነት ሕግም ያውቀዋል። በፔንሲልቬኒያ አጋዘን በግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ማደን ለረጅም ዘመን ክልክል ሆኖ በመቆየቱ ፈጥኖ መድገም የፈለገ አዳኝ ፓምፕ ይዟል። አውስትራሊያ በ1996 የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ስምምነቷ የፓምፕ ሾትጋንን አጥብቃ ስትቆጣጠር የፓምፕ ጠመንጃን ከምንሽር ዓይነቶቹ ጋር ነበር የመደበችው።

ፓምፕ ጠመንጃ ፈጣን ከሆነ ወታደር ለምን አልመረጠውም? መሬት ላይ ተኝቶ፣ ክርኑን ተደግፎ ለሚተኩስ ሰው የፊት እጁን ወዲህና ወዲያ ማንሸራተት አይመችም፤ በጭቃና በአቧራም ተንሸራታች ክፍል ይቸገራል። የቆመ አዳኝ ግን ጣቱን ከቃታው፣ ዓይኑን ከማነጣጠሪያው ሳያነሳ ይደግማል። የቬርሞንቱ ታዋቂ አዳኝ ላሪ ቤኖይት በበረዶ ላይ የአጋዘን ዱካ ሲከተል የሚይዘው 760 ነበር።

ከአደን ውጭ ይህ ሞዴል በዓለም የታወቀው በክፉ ነው። ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ ሲገደሉ በአቅራቢያው ተጥሎ የተገኘው ጠመንጃ 760 ነው። በፍጥነቱ የሚወራለት ጠመንጃ ውስጥ የተገኘው አንድ ባዶ ቀለህ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በአሜሪካም ሆነ በሌላ አገር የምትኖሩ፣ ጎረቤታችሁ ቤት እንዲህ ያለ መሣሪያ ብታዩ በድምፁ አትፍረዱ። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ፦ «12 ጌጅ» ካለ ሾትጋን ነው፤ «.30-06» ካለ አጋዘን የሚጥል ጠመንጃ ነው።