ልጅዎ በትምህርት ቤት በሚካሄድ ጥናት እንዲሳተፍ ሲጠየቁ

ተመራማሪዎች ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ወይም ስለ ቤተሰብ ሕይወት ለማወቅ በትምህርት ቤቶች መጠይቅ ያስሞላሉ። እንዲህ ያለው ጥናት መርፌም መድኃኒትም የለውም። ሆኖም የቤተሰብ ምሥጢር ሊወጣ፣ ልጁም መጥፎ ስም ሊሰጠው ስለሚችል ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?

ትምህርት ቤቱ ተመራማሪው እንዲገባ ይፈቅዳል እንጂ በእርስዎ ቦታ ሆኖ አይስማማም። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈቅዳል፤ ልጁም ራሱ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ይስማማል። እርስዎ ቢፈርሙም ልጁ «አልፈልግም» ካለ ሊከበርለት ይገባል።

ዝምታ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል?

አንዳንድ ጥናቶች «ካልፈለጉ ያሳውቁን» የሚል ደብዳቤ ይልካሉ። ደብዳቤው ከልጁ ቦርሳ ሳይወጣ ቢቀር እርስዎ ሳያውቁ እንደተስማሙ ሊቆጠር ይችላል።

በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ የሚባሉ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን በመጠይቅ ለመለየት ታቅዶ ነበር። መጠይቁ ስለ ወላጆቻቸው ፍቅር ጭምር ይጠይቃል። መጀመሪያ የታሰበው መልስ ያልሰጠ ወላጅ እንደተስማማ እንዲቆጠር ነበር፤ የተማሪዎቹ ፈቃድ ግን አልታሰበበትም። እ.ኤ.አ. በ1973 የፌዴራል ፍርድ ቤት ዕቅዱን አገደ። ለወላጆች የተዘጋጀው ደብዳቤ ጥቅሙን አጉልቶ ጉዳቱን በሚገባ አልገለጸም፤ የተለዩት ልጆችም ሊገለሉ ይችሉ ነበር።

ስለዚህ ቢስማሙም ባይስማሙም መልስዎን በጽሑፍ ይስጡ።

ከመፈረምዎ በፊት ምን ይጠይቁ?

• መጠይቁን አስቀድሜ ማየት እችላለሁ?
• የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል?
• የልጄ ስም ይጻፋል? መምህራን መልሱን ያያሉ?
• ልጄ ጥቃት እንደደረሰበት ወይም ራሱን ሊጎዳ እንደሚያስብ ቢጽፍ ምን ይደረጋል?
• የማይሳተፉ ተማሪዎች በዚያ ሰዓት የት ይሆናሉ?

ለልጅዎ ምን ይንገሩት?

መምህር ፊት እምቢ ማለት ለልጅ ይከብዳል። ስለዚህ ባይሳተፍ ውጤቱ እንደማይቀነስበት፣ ያልፈለገውን ጥያቄ መዝለል፣ መሃል ላይም ማቆም እንደሚችል ቤት ውስጥ አስቀድመው ይንገሩት። ከሞላ በኋላ ከተረበሸ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ዝም ካለ ረጋ ብለው ያነጋግሩት። ካልተሻለው ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት፤ ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ግን ጊዜ አይስጡ።