ጡረታን ቀድሞ ማውጣት፦ የትዕግሥት ጉድለት ወይስ የዛሬ ገንዘብ ውድነት?

በደቡብ አፍሪካ «ባለ ሁለት ማሰሮ» የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሠራተኛው የመዋጮውን ሲሶ ከመጦሪያ ዕድሜው በፊት እንዲያወጣ ይፈቅዳል። ሁለት ሦስተኛው እስከ ጡረታ አይነካም። ለመነሻ ከነባሩ ተቀማጭ 10 በመቶ፣ ቢበዛ 30 ሺህ ራንድ፣ ሊወጣ ወደሚችለው የቁጠባ ማሰሮ ተዛወረ። በአምስት ወር ውስጥ ከ40 ቢሊዮን ራንድ በላይ ወጣ። በጆሃንስበርግ ከሳንድተን የፋይናንስ ቢሮዎች እስከ ታክሲ ተራው ምሬቱ አንድ ሆነ፤ ሕዝቡ እርጅናውን ዛሬ በላው ተባለ።

የተለመደው ማብራሪያ የባህርይ ኢኮኖሚክስን ይጠራል። ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ቴለር በ1981 ያሳተመው ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ለአጭር ጥበቃ የሚጠይቁት ካሳ በዓመት ሲሰላ ለረዥም ጥበቃ ከሚጠይቁት እጅግ ይበልጣል። ዝንባሌው እውነት ነው። ስሕተቱ ያለው ጥድፊያን ሁሉ ለእርሱ መስጠት ላይ ነው። ሰው የዛሬን ገንዘብ መውደዱ አንድ ነገር ነው፤ የዛሬ ገንዘብ ለእርሱ ውድ መሆኑ ሌላ ነው። ከውጭ ለሚያይ ግን ሁለቱ አይለዩም።

በጆሃንስበርግ የሠራተኛ ሰፈሮች፣ በሶዌቶና በአሌክሳንድራ፣ ያለ ፈቃድ የሚያበድረው ማሾኒሳ በወር 30 በመቶ፣ አንዳንዴም 50 በመቶ ያስከፍላል። ፈቃድ ያለው አበዳሪ ለአጭር ጊዜ ብድር በወር ከ5 በመቶ በላይ እንዳይጠይቅ ሕግ ይከለክለዋል፤ ሆኖም ስሙ በብድር መዝገብ የተበላሸ ሠራተኛ እዚያ በር አይከፈትለትም። ማሾኒሳው ብዙ ጊዜ የተበዳሪውን የባንክ ካርድና የምስጢር ቁጥር በመያዣነት ስለሚወስድ፣ ደመወዝ ሲገባ ቀድሞ የሚያነሣው እርሱ ነው። የ2 ሺህ ራንድ ዕዳ ያለበት ሰው በ30 በመቶ በወር 600 ራንድ ወለድ ይገፈግፋል። ዕዳውን ለመዝጋት ከጡረታው 2,439 ራንድ ቢያወጣ፣ በ18 በመቶው የገቢ ግብር እርከን 439 ራንዱ ለግብር ይሄድና የፈንዱ የአገልግሎት ክፍያ ሳይታሰብ 2 ሺህ ራንዱ እጁ ይገባል። ግብሩ ከአንድ ወር ወለድ ያንሳል። ያ 2,439 ራንድ በፈንዱ ቢቆይና በዓመት 10 በመቶ ቢያተርፍ እንኳ የሚያስገኘው 244 ራንድ ነው። የማሾኒሳው የዓመት ወለድ ግን፣ ወለድ ሳይወልድ፣ 7,200 ራንድ ይደርሳል። ይህን አስልቶ ያወጣ ሰው ቸኩሏል ማለት በደል ነው።

ትዕግሥት የለውም የተባለው ይኸው ሠራተኛ በስቶክቬል የቁጠባ ማኅበር በየወሩ እያዋጣ እስከ ዲሴምበር ይጠብቃል። በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን እቁባቸውን የሚጥሉትም በዚሁ ጽናት ነው። ስፓዛ በሚባለው የሰፈር ሱቅ የበቆሎ ዱቄት በአንድ ኪሎ የሚገዛውም፣ ኪሎው ከትልቁ ከረጢት እንደሚወደድበት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የትልቁ ዋጋ ባንድ ጊዜ ከኪሱ ስለማይወጣ ነው።

በየጊዜው የሚጠቀሰው የግብር መሥሪያ ቤቱ የ40 ቢሊዮን ራንድ ቁጥር፣ ሠራተኛው ያወጣው ቸኩሎ ነው ወይስ ተቸግሮ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ምን ያህል እንደወጣ ይቆጥራል እንጂ ዕዳ እንደዘጋ ወይም ለድግስ እንደዋለ አይለይም። ድምሩን ይዞ ስለ ሕዝብ ጠባይ መፍረድ ከቁጥሩ ያልወጣን ነገር ከቁጥሩ ማንበብ ነው።

እውነተኛ የውሳኔ ስሕተት ግን አለ፤ በዚያው በደቡብ አፍሪካም ተለክቷል። በ2010 በታተመ ጥናት አንድ አበዳሪ ከ50 ሺህ ለሚበልጡ ደንበኞቹ በዕጣ የተለያየ ወለድና አቀራረብ ያላቸው ደብዳቤዎች ላከ። በደብዳቤው ላይ የብድር ምሳሌዎችን ቁጥር መቀነስ ብቻውን ወለዱን በሩብ የመቀነስ ያህል ተበዳሪ ሳበ። የብድሩ ዋጋ ሳይለወጥ ውሳኔው ተለወጠ ማለት ነው፤ ይህን የዕዳ ሒሳብ አያስረዳውም። ጡረታውን አውጥቶ ማሾኒሳውን ከከፈለ በኋላ በማግስቱ እንደገና የሚበደረውም እዚህ ይመደባል፤ ማሰሮውም ጎድሎ ወለዱም ይቀጥልበታል።

ከ2024 በፊት ጡረታውን የፈለገ ሠራተኛ ሥራውን ይለቅ ነበር፤ የእርጅና ቁጠባውንም ደመወዙንም ያጣ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ይህን ግዴታ አቃልሏል። በየዓመቱ የሚያወጡ ሰዎች የጡረታ ገቢያቸው መሳሳቱ አይቀርም፤ መጠኑን ግን የሚወስነው ከማሰሮው መከፈት ይልቅ በወር 30 በመቶ የሚያበድረው ገበያ መቀጠሉ ነው፤ ባለ ሁለት ማሰሮው ሕግ ደግሞ ያን ገበያ አይነካውም።