“ተከፍሏል” የሚለው መልስ ሲዘገይ፣ ሲደገምና ሲጠፋ

የመርካቶ ደላላ ለደንበኛው “ዕቃው ሲገባ እደውልልሃለሁ” ብሎ ሲለየው ነገሩ በዚያው አያልቅም። ስልኩ የተዘጋ እንደሆነ፣ ቁጥሩ የተሳሳተ እንደሆነ ወይም ሌላ ሰው በደላላው ስም የደወለ እንደሆነ ንግዱ ይበላሻል። ዛሬ በኢንተርኔት ሸጠው ገንዘባቸውን በሞባይል የሚቀበሉ ነጋዴዎች የሚተማመኑበት የኮምፒዩተር አሠራር ከዚህ የደላላ ቃል ብዙም አይለይም። የሶፍትዌር ባለሙያዎች “ኮልባክ” ይሉታል፤ መልሶ መጥራት ማለት ነው። የውጭ አገር የስልክ ታሪፍን ለማምለጥ ይሠራበት ከነበረው ኮልባክ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው።

በተለመደው አሠራር ጠያቂው ኮምፒዩተር ጥያቄውን ለሰርቨሩ ያቀርብና መልሱን እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ክፍያ ላይ ሲደረስ ግን ይህ አያዋጣም። ገዢው ስልኩን ማውጣት፣ የምሥጢር ቁጥሩን ማስገባት፣ አንዳንዴም ሐሳቡን መለወጥ አለበት። ሰርቨሩ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮችን እንዲህ ከፍቶ መያዝ ስለማያዋጣው “ጥያቄህን ተቀብያለሁ” ብሎ ይዘጋል። ውጤቱ ሲታወቅ ነጋዴው ባስቀመጠው አድራሻ ራሱ ይደውላል። በዚያች ቅጽበት ሚናው ይገለበጣል፤ ደዋዩ ሰርቨሩ፣ ተቀባዩ የነጋዴው ኮምፒዩተር ይሆናል። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ ሥራ የጀመረው ኤምፔሳ ለነጋዴዎች የከፈተው አገልግሎት ጥሩ ማሳያ ነው። የሱቁ ሶፍትዌር የገዢውን ስልክ ቁጥር፣ የገንዘቡን መጠንና ኮልባክ የሚላክበትን አድራሻ ይልካል። ወዲያውኑ ዜሮ ቁጥር የያዘ መልስ ይደርሰዋል። ዜሮ በዚህ ቦታ ማለት “ጥያቄው ተመዝግቧል” እንጂ “ገንዘቡ ገብቷል” ማለት አይደለም። ከዚያ የገዢው ስልክ ላይ የምሥጢር ቁጥር መጠየቂያ ይመጣል። ገዢው ከፈለገ ይከፍላል፤ ካልፈለገም ይሰርዛል። የመጨረሻው ውጤት የሚደርሰው በኮልባኩ ነው። እዚያም ዜሮ ሲመጣ ክፍያው በእርግጥ ተፈጽሟል ማለት ሲሆን የደረሰኝ ቁጥሩም አብሮ ይመጣል። 1032 ገዢው ሰርዞታል፣ 1037 ደግሞ ስልኩ አልተገኘም ወይም ሳይመልስ ጊዜው አልፏል ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለት ዜሮዎች አሉ፤ ትርጉማቸውም ለየቅል ነው። የመጀመሪያውን ዜሮ እንዳየ “ተከፍሏል” ብሎ ዕቃ የሚያስወጣ ሶፍትዌር ገዢው ክፍያውን ቢሰርዝም ዕቃው ከመጋዘን ይወጣል። ስህተቱ የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ገዢው ሁልጊዜ በሚከፍልበት የሙከራ ጊዜ ፈጽሞ አይታይም። የሚታየው ሱቁ ከተከፈተ በኋላ፣ በሒሳብ መዝጊያ ቀን ነው።

በአገራችንም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ይህ ጉዳይ የባለሙያዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በቴሌብርም ነጋዴው ክፍያው ሲፈጸም ማስታወቂያ የሚላክበትን አድራሻ ከጥያቄው ጋር አብሮ ይልካል። ጥሪውን የሚቀበለው ኮምፒዩተር የማን ነው? የት ነው የተቀመጠው? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል? እነዚህን መጠየቅ የባለሱቁ ድርሻ ሆኗል።

ከሱቁ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ኮምፒዩተር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከራውተር ጀርባ ያለ መሣሪያ ወደ ውጭ መደወል እንጂ ከውጭ መደወልለት አይችልም፤ የራሱ የታወቀ አድራሻ የለውምና። ተቀባዩ ሌት ተቀን በማይጠፋ፣ የታወቀ አድራሻ ባለው ሰርቨር ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። የሱቁ ኮምፒዩተር ከዚያ ሰርቨር ጋር መስመር ከፍቶ ይቆያል፤ ይህ ካልተመቸ በየጥቂት ሴኮንዱ “ምን አዲስ ነገር አለ?” እያለ ይጠይቃል። ሁለተኛው መንገድ ጥንታዊና አባካኝ ነው ተብሎ ይናቃል፤ ለትንሽ ሱቅ ግን በቂ ነው።

ጥሪው መንገድ ላይ ከጠፋስ? ጂም ግሬይ የተባሉት አሜሪካዊ የዳታቤዝ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1978 የጻፉት የሁለት ጄኔራሎች ምሳሌ መልሱን ይሰጣል። ሁለት ጄኔራሎች በጠላት ሸለቆ በሚያልፍ መልእክተኛ ይላላካሉ። የላከው ሰው መልስ ካላገኘ መልእክተኛው ሲሄድ ተያዘ ወይስ መልሱን ይዞ ሲመለስ ተያዘ፣ ሊያውቅ አይችልም። ማናቸውም የመላላክ ብልሃት ይህን ጥርጣሬ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ የክፍያ ድርጅቶች መልስ ካላገኙ ደግሞ መላክን መርጠዋል። ስትራይፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እስከ 3 ቀን ድረስ እየደጋገመ ይልካል። የፔይፓል የቆየው አሠራር ደግሞ በ4 ቀን ውስጥ እስከ 15 ጊዜ ይሞክራል።

ይህ ደግሞ ሌላ ችግር ይወልዳል። የነጋዴው ሶፍትዌር ማስታወቂያውን ተቀብሎ ስቶክ ሲቀንስ፣ ደረሰኝ ሲያትም፣ ለመጋዘን ሲያስታውቅ ይቆይና መልስ ሳይሰጥ ጊዜው ያልፍበታል። ላኪው አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል። አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ አንድ ፍሪጅ የገዛ ሰው ሁለት ይላክለታል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ማስታወቂያውን በመዝገብ ያሰፍራል፣ ወዲያው “ደርሶኛል” ይላል፣ ሌላውን ሥራ ከዚያ በኋላ ያከናውናል። በመዝገቡም አንድ የደረሰኝ ቁጥር ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይገባ መቆለፍ አለበት። ያኔ ያው ጥሪ አሥር ጊዜ ቢመጣ ሒሳቡ አይዛባም። ጥሪዎች በወጡበት ቅደም ተከተል ላይደርሱ እንደሚችሉም መታወስ አለበት፤ “ገንዘቡ ተመልሷል” የሚለው “ተከፍሏል” ከሚለው ቀድሞ ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የሐሰት ጥሪ ነው። የተቀነባበረ የዝውውር ደረሰኝ በስልኩ እያሳየ ዕቃ ይዞ የሚሄድ አጭበርባሪ ለነጋዴው እንግዳ አይደለም። ኮልባክ የሚቀበለው አድራሻ በኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ያወቀው ሁሉ ወደዚያ “ተከፍሏል” ብሎ መላክ ይችላል። ስትራይፕ በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ ሁለቱ ወገኖች ብቻ በሚያውቁት ቁልፍ የተሠራ ማኅተምና የተላከበትን ሰዓት ያኖራል። የፔይፓሉ አሠራር ተቀባዩ መልእክቱን መልሶ ልኮ “ይህ ከእናንተ ነው?” ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጋል። ኤምፔሳም የክፍያውን ሁኔታ በተናጠል የሚጠየቅበት በር አለው። ደላላው “ገንዘቡ ገብቷል” ሲል ባለሱቁ ራሱ ወደ ባንኩ እንደሚደውለው ማለት ነው። ይህ ሲደረግ ቁጥሩም ይመሳከር፤ 50 ብር ተከፍሎ የ5,000 ብር ዕቃ እንዳይወጣ የተከፈለው መጠን ከትእዛዙ ጋር እኩል መሆኑ መታየት አለበት።

ያም ሆኖ ፈጽሞ ሳይደርስ የሚቀር ጥሪ ይኖራል። ገዢው ገንዘቡ ተቀንሶበት ዕቃ ያላየበት፣ ነጋዴው ስለ ክፍያው ምንም ያልሰማበት ቀን ይመጣል፤ የደንበኛ ቅሬታም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ውጤታቸው ያልታወቀ ትእዛዞችን ሶፍትዌሩ በየደቂቃው እየለቀመ ራሱ መጠየቅ፣ ማታ ማታ ደግሞ የክፍያ ድርጅቱን ዝርዝር ከሱቁ መዝገብ ጋር ማስታረቅ ይገባዋል። ይህን ሥራ ብዙ ሶፍትዌር ሻጮች በዋጋ ማቅረቢያቸው ላይ አያስገቡትም። ለማሳያ የሚያምር ገጽ የለውማ!

ውል ከመፈረሙ በፊት መሞከር አያስቸግርም፣ ወጪውም ከጥቂት ብር አያልፍም። ሻጩ ባለበት ትእዛዝ ይሰጥና ስልክ ላይ ሲጠየቅ ይሰረዝ፤ ዕቃ እንዳይወጣ ይታይ። ሁለተኛው ትእዛዝ ይከፈልና ያው ኮልባክ ሁለት ጊዜ እንዲላክ ይደረግ፤ ስቶኩ በአንድ ብቻ መቀነሱ ይረጋገጥ። ለሦስተኛው የምሥጢር ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት ተቀባዩ ሰርቨር ይጥፋ፣ ክፍያው ይፈጸም፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሰርቨሩ ይከፈት። ትእዛዙ ማንም ሳይነካው “ተከፍሏል” ወደሚለው ካልተዛወረ ቅድመ ክፍያው ኪስ ውስጥ ይቆይ።