እርሳስ ወይስ መዳብ?

ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ወድቆ ይቀራል። ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደው አረሩ ብቻ ነው። አረር ከእርሳስ ይሠራል፤ ከመዳብም ይሠራል። ታዲያ ራቅ ላለ ኢላማ የትኛው ይሻላል? ከክብደቱ እንጀምር።

ማሽላ ጠባቂ ይህን ነገር በወንጭፉ ያውቀዋል። ጓልና ድንጋይ በመጠን እኩል ቢሆኑም፣ ጓሉን አየሩ ቶሎ ያደክመዋል፤ ድንጋዩ ግን ገፍቶ ይሄዳል። ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ እርሳስ ከ11 ግራም በላይ ይመዝናል። ያንኑ የሚያህል መዳብ 9 ግራም አይሞላም። ስለዚህ እርሳስ ፍጥነቱን ይዞ ሩቅ ይደርሳል፤ ነፋስም በቀላሉ አያስተውም።

መዳብ ለምን አስፈለገ ታዲያ? እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ነው። አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተኮሱበት ውጅግራ አረሩ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ነበር። የሚተኮሰው በጥቁር ባሩድ ነበርና ፍጥነቱ መጠነኛ ነው። በኋላ ጭስ የሌለው ባሩድ ሲመጣ ፍጥነት ጨመረ። እርሳሱም እየተፋቀ በቧንቧው ውስጥ ይለጠፍ ጀመር። መፍትሔው እርሳሱን ቀጭን የመዳብ ልብስ ማልበስ ሆነ።

ፈረንሳዮች ከዚህም አለፉ። በ1898 እ.ኤ.አ. ለበል ለሚባለው ጠብመንጃቸው እርሳስ ጨርሶ የሌለበት አረር ሠሩ። ከመቶው 90 እጁ መዳብ፣ የቀረው ዚንክ ነበር። ክብደቱ ከ15 ወደ 13 ግራም ገደማ ወረደ። ቢሆንም ጫፉን ስላሾሉት፣ ጭራውንም ስላቀጠኑት ከቀድሞው ይበልጥ ሩቅ ሄደ። ቅርጽም ዋጋ አለው እኮ! ነገር ግን በ1932 እ.ኤ.አ. የመትረየሳቸውን ጥይት የበለጠ ለማራቅ ሲፈልጉ ሹል ቅርጹን ይዘው ውስጡን ወደ እርሳስ መለሱት፤ ክብደቱም እንደገና 15 ግራም ሆነ።

መዳቡን እንደ እርሳስ ለማክበድ ማስረዘም ግድ ነው። ረጅም አረር ደግሞ ፈጥኖ መሽከርከር ይፈልጋል። እንዝርት ዙሩ ሲደክም እንደሚወላገድ ሁሉ፣ አረሩም በቂ ዙር ካላገኘ አየር ላይ ይገለባበጣል። ዙሩን የሚሰጠው በቧንቧው ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ነው። ይህንን ተኳሹ ሊለውጠው አይችልም። ስለዚህ ኢላማው ሰሌዳ ከሆነ፣ እኛ መዳብ የለበሰውን እርሳስ እንመርጣለን።

ሥጋ ሲሆን ግን ፍርዳችን ይለወጣል። የእርሳስ አረር አውሬውን ሲመታ ይፈረካከሳል። ብናኙ በዓይን አይታይም፤ በራጅ ሲታይ ግን ከቁስሉ ርቆ ተበትኖ ይገኛል። ቢቀቅሉትም አይጠፋም። እርሳስ መርዝ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የመዳብ አረር አብዛኛውን ጊዜ ሳይሰባበር ይቆያል። እሱም ቢሆን እንከን አያጣውም፦ ሩቅ ደርሶ ፍጥነቱ ከደከመ ጫፉ ሳይከፈት እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል፤ አውሬውም ቆስሎ ይሸሻል። በመዳብ የሚያድን ሰው ጠጋ ብሎ መተኮስ አለበት።

በአሜሪካ ኮንዶር የሚባል ትልቅ ጥንብ አንሳ አለ። አዳኞች የጣሉትን ሆድ ዕቃ ከነእርሳሱ ይበላል። በ1982 እ.ኤ.አ. ከዘሩ የቀረው 22 ብቻ ነበር፤ ከገዳዮቹም አንዱ ይኸው እርሳስ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን በሙሉ ከልክላለች።