በክረምት ሌሊት መኪና ለሚነዱና ለሚሳፈሩ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ተጉዘው እንደሆነ፣ በክረምት የጣርማ በር ጉም ምን እንደሚመስል አይዘነጉትም። ይህ በር ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ከፈለፈሉት ዋሻ ወጥተው ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ፣ በቀን እንኳ የፊተኛው መኪና ከዓይን የሚሰወርበት ጊዜ አለ። ሌሊት ሲሆንማ እንዴት ይሆን?

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ1 ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ 1 ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ ከዚያም መኪናው በረጠበ አስፋልት ላይ እስኪቆም ሌላ 60 ሜትር ያህል ይሄዳል። ድምሩ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ዝቅ ያለው መብራት ግን አጥርቶ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ሾፌር ያየውን ነገር ሳይገጭ ሊቆም አይችልም ማለት ነው። ፍጥነቱን ወደ 40 ቢቀንስ ግን 30 ሜትር ሳይሞላ ይቆማል።

ጉም ሲያጋጥም ብዙዎች ረጅሙን መብራት ያበራሉ፤ ይህም ስሕተት ነው። ብርሃኑ ከጉሙ ጠብታ ላይ እየተመለሰ የሾፌሩን የራሱን ዓይን ያጥበረብራል። ስለዚህ መብራቱን ዝቅ ያድርጉት። ቁልቁለቱንም በፍሬን ብቻ አይውረዱ፤ ፍሬን ከመጠን በላይ ሲግል ይከዳል። በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ።

በመንገዱ ላይ ያለውንም ሰው ያስቡ። ጥቁር ባና የደረበ ገበሬ ከነአህያው በጨለማ አይታይም። መኪና የተበላሸበት ሰው ከመኪናው ኋላ ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራልና፣ ቅጠሉን እንዳዩ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። እርስዎም ድንጋይ ደርድረው እንደሆነ፣ ጉዞ ሲጀምሩ አንሥተው ይሂዱ። የተረሳ ድንጋይ ሌላውን ይገድላል።

መኪና የሌለዎት አንባቢም ነገሩ አይመለከተኝም አይበሉ። ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ፣ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር የሚላክ ጸሐፊ፣ ሁሉም ነፍሱን ለሾፌሩ አደራ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ሾፌሩ ሲያንቀላፋ ወይም ከልክ በላይ ሲፈጥን አይቶ ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም። «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፤ ደክሞዎት እንደሆነ ጥቂት እንረፍ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ጉሙ ከበረታም ደብረ ብርሃን አድሮ ጧት መነሣት ነው። በመንገድ ከመቅረት አንድ ቀን ዘግይቶ መድረስ ይሻላል።