ድብ አሳዳጁ ውሻና የጌታው ፍርድ

አብዛኞቻችን ድብን የምናውቀው በመጽሐፍ ነው፤ ብላቴናው ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ እንደ ገደለ እናነባለን። በአሜሪካ፥ በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች የሰፈሩ ገበሬዎች ግን ድብን ያወቁት በማሳቸው ነው። ጥቁሩ ድብ በቆሎአቸውን ሲበላ፥ አሳማቸውንም ሲነጥቅ ኖሯል፤ እነርሱም በበኩላቸው ሥጋውንና ስቡን ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እርሱን ለማደን ታዲያ ከጠመንጃ ይልቅ የሚመኩት በውሻ አፍንጫ ነው።

የታወቀው ድብ አሳዳጅ ውሻ ፕሎት ይባላል። ስሙ የቤተ ሰብ ስም ነው። ዮሃንስ ፕሎት የተባለ ወጣት ጀርመናዊ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1750 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲሻገር አዳኝ ውሾች ይዞ እንደ ሄደ በቤተ ሰቡ ይተረካል። ልጁ ሄንሪ በተራራው አገር ሰፈረ፤ ከዚያ ወዲህ ልጅ ከአባት እየተቀበለ የውሾቹን ዘር ጠብቆ አቆየ። በዚያ ያሉ ተራሮች ሳይቀሩ በፕሎት ስም ይጠራሉ፤ ዝንጉርጉሩ ውሻም በ1989 ዓ.ም. የኖርዝ ካሮላይና መለያ ውሻ እንዲሆን በሕግ ተወሰነ።

የዚህ ውሻ ጥበብ ሁሉ ያለው በአፍንጫው ላይ ነው። ሽታ የሚለዩ ሕዋሳት በሰው አፍንጫ በጥቂት ሚሊዮን ሲቆጠሩ፥ በአነፍናፊ ውሻ አፍንጫ ግን ከ200 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ውሻው የሳበው አየር ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሳንባ ይወርዳል፥ ሌላው ወደ ማሽተቻው ክፍል ይሄዳል። ሲያስወጣውም አየሩ በአፍንጫው ጎን ባለው ስንጥቅ ስለሚያልፍ በፊቱ ያለውን ሽታ አይበትንበትም። እርጥብ መሬት ሽታ ይይዛል፤ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ግን ያጠፉታል። ስለዚህ አዳኞች ማልደው ይወጣሉ።

በመጀመሪያ የሚለቀቀው በዕድሜ የበሰለው ውሻ ነው። ድቡ ሌሊት ያለፈበትን የቀዘቀዘ ፈለግ እያነፈነፈ፥ አልፎ አልፎ እየጮኸ ይጓዛል። ፈለጉ ትኩስ መሆኑ ሲታወቅ የቀሩት ይለቀቁና ጫካው በጩኸት ይሞላል። ጌታው ውሾቹን ባያይም ድምፃቸውን ለይቶ ያውቃል፤ ረጅሙ ጩኸት «እየተከተልነው ነው» ሲል፥ አጭሩና ቶሎ ቶሎ የሚደጋገመው «ዛፍ ላይ አወጣነው» ማለት ነው። ዛሬማ በአንገታቸው የሚታሰር መሣሪያ ያሉበትን ቦታ ያመለክታል። ድብ ሁሉ ግን ዛፍ አይወጣም። ትልቁ ድብ ጀርባውን ለቋጥኝ ሰጥቶ ሲጋፈጥ ጥፍሩ የሚያርፈው በውሾቹ ላይ ነው፤ ቆስሎ የሚመለስ፥ ሳይመለስም የሚቀር ውሻ አለ።

በዚህ አደን ላይ በአሜሪካ ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ተቃዋሚዎቹ፥ አውሬው እስኪደክም ተባርሮ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ተቀመጠ መምታት ጀግንነት አይደለም ይላሉ። ኮሎራዶ በ1992፥ ኦሬገን በ1994፥ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛትም በ1996 ዓ.ም. ድብን ለስፖርት በውሻ ማደንን በሕዝብ ድምፅ ከለከሉ፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የሚከለክል ሕግ አወጣች። ኖርዝ ካሮላይና ግን ትፈቅዳለች። ደጋፊዎቹ የሚሉትም የሚናቅ አይደለም፤ ዛፍ ላይ የወጣውን ድብ አዳኙ ቀርቦ ስለሚያየው፥ ልጆቿን ያስከተለች እናት ብትሆን ውሾቹን አስሮ ለመመለስ ይችላል። ከሩቅ የሚተኩስ ሰው ይህን ለመለየት ፋታ የለውም።

እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩ ውሻውን አይነካውም። እርሱ በአፍንጫው የተሰጠውን ሥራ ፈጽሞ ከዛፉ ሥር ይቆማል። ከዚያ ወዲያ፥ መተኮስም ሆነ ምሮ መመለስ፥ ፍርዱ የጌታው ነው።